በአንዲት ጥያቄ የተከሰስሁ ዕለት

በዕድሜዬ ሙሉ ችሎት ፊት የቆምሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰው አልደበደብሁም፣ ድንበር አልገፋሁም፣ የሰው ከብት አልነዳሁም። የተከሰስሁት ጥያቄ ጠይቄ ነው። ዳኛው ደግሞ የገዛ አባቴ ነበሩ። ዛሬ ሳወራው እስቃለሁ፤ ያን ዕለት ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔ የሃያ ዓመት ጎረምሳ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ ነበርሁ። ከእስቴ ገጠር ወጥቶ ከደብረ ታቦር ወዲያ የተማረ ከሰፈራችን የመጀመሪያው እኔ ስለሆንሁ፣ ለክረምት ዕረፍት ስመለስ አንገቴ ትንሽ ቀና፣ ወሬዬም በዛ ያለ ነበር። ከሸሚዜ ኪስ ላይ ሁለት እስክሪብቶ እሰካለሁ። አንደኛው አይጽፍም፤ ግን ሁለት ሲሆን ያምራል።

በዚያ ክረምት የታሪክ መምህራችን የቤት ሥራ ሰጥተውን ነበር። «በየአገራችሁ የነበረ፣ ማንም ያልጻፈውን አንድ ነገር ፈልጋችሁ ጻፉ» አሉን። እኔ ወዲያው ያሰብሁት ከመንደራችን በታች፣ ከወንዙ ዳር ያለውን ፍርስራሽ ነው። ሦስት ግድግዳ ቀርቶታል፤ ውስጡ ሣር በቅሎበታል፤ መሬቱን በእንጨት ጫር ሲያደርጉት ጥቁር የብረት ቅርፍት ይወጣል። ልጅ ሳለን «ምንድን ነው?» ስንል «የጣልያን ነው» ይሉን ነበር። በአገራችን ሰው ሊያወራው የማይፈልገው ነገር ሁሉ የጣልያን ነው።

የጣልያን እንዳልሆነ የነገሩኝ መሪጌታ ልሳነ ወርቅ ናቸው። መሪጌታ ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ድጓ የሚመሰከርበት ቤተ ልሔም ደብር ወርደው ያስመሰከሩ ሊቅ ናቸው። ጥያቄዬን ሲሰሙ ዝም ብለው ወደ ዕቃ ቤት ገቡና የቤተ ክርስቲያኑን ስንክሳር ይዘው ወጡ። የአገራችን ሰው መሬት ሲሸጥ፣ ሲታረቅ፣ ሲዋዋል ነገሩን የሚያስጽፈው በቅዱስ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ነው፤ እዚያ የተጻፈ አይካድማ። መሪጌታም አንዱን ቅጠል ገልጠው በጣታቸው አሳዩኝ። ከጣልያን በፊት አገረ ገዥው ባዘዙት መሠረት «ለእጅ ሥራ ትምህርት ቤት የተሰጡ ልጆች» ይልና ስድስት ስም ይደረድራል።

«ስማቸው የክርስትና ስም ብቻ ነው» አልሁ።

«ታዲያ በመጽሐፈ ስንክሳር ላይ የዓለም ስም ይጻፍልህ?» አሉኝ። «ጸሐፊው መምህሬ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። የእኔ ነገር እዚህ ላይ ያበቃል። ቀሪውን አንተ ታውቃለህ፣ የተማርህ ነህ።»

የክርስትና ስም ማለት እንግዲህ ቄስ ሲያቆርብ፣ ሲፈታ ወይም አንዳንዴ ሲመርቅ ካልሆነ የማይጠራ ስም ነው። በሰማንያ ያገባ ጎልማሳ ደግሞ እስኪያረጅ አይቆርብም፤ ስለዚህ ጎረቤት ቀርቶ ልጁም ላያውቀው ይችላል። ስድስቱን ስሞች ገልብጬ ለሁለት ሳምንት መንደር ለመንደር ዞርሁ። «እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ነበር?» ስል ሰው ሁሉ «እኛ ዘንድ? ኧረ ወዲያ!» ይለኛል። ከአንድ ቤት ውሻ ለቀቁብኝ።

እናቴን እንኳ ብጠይቃት፣ «የሰው ክርስትና ስም ምን ያደርግልሃል? መተት ልትሠራ ነው?» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። በእኛ አገር ጨዋ ሰው ያርሳል፣ ይቀድሳል፣ ይሟገታል። ብረት የሚመታ ሰው ግን ቀጥቃጭ ይባላል፤ ማረሻውን እንገዛዋለን፣ ልጁን አናገባም፣ ሆዳችንን ሲቆርጠን ደግሞ እሱ በላን እንላለን። «ቀጥቃጭ» ብሎ መስደብ ያስከስሳል። ይህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ነገር ግን ሁለት እስክሪብቶ የሰካ ሰው የሚያውቀውን ይረሳል።

ሐምሌ ሃያ ሦስት የጊዮርጊስ ማኅበር ባላምባራስ አያሌው ቤት ነበር። ባላምባራስ የላይ ቤት ሰው፣ ባለ ርስት፣ ባለ በቅሎ፣ በጣልያን ጊዜ በዱር የከረሙ አርበኛ ናቸው። ቤቱ ሞልቷል። በክብር ቦታ ከስማዳ ከወገዳ በዚያ ጭቃ በበቅሎ የመጡ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ የባላምባራስን ልጅ ለዘመዳቸው ልጅ ሊያጩ የመጡ ናቸው፤ ሠርጉም ለጥር ታስቧል። ጠላው ከተቀዳ በኋላ ቄሱ ተነሥተው ጽዋውን ባረኩና ባለቤቱን መረቁ፦ «አገልጋይህን ወልደ ጊዮርጊስን ዕድሜና ጤና ስጥልን!»

ወልደ ጊዮርጊስ! ከስድስቱ ሦስተኛው ስም ነው። በኅዳጉ ላይ «ወልደ ጊዮርጊስ ዘላይ ቤት» ይላል። ደስታዬ ልቤን ነፋውና ምንም ሳላስብ ብድግ አልሁ።

«ባላምባራስ! ለካ እርስዎ ኖረዋል! የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ብረት ቅጥቀጣ የተማሩት እርስዎ ነዎት?»

የአንዱ ሰውዬ ዋንጫ ከከንፈሩ ሳይደርስ አየር ላይ ቀረ። የስማዳዎቹ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። ባላምባራስ ቀስ ብለው ተነሡና፣ «ይህ ልጅ በቤቴ፣ በጊዮርጊስ ጽዋ፣ በእንግዶቼ ፊት ቀጥቃጭ ብሎ ሰድቦኛል። ምስክሮቼ ናችሁ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «በንጉሥ አምላክ! እሑድ ችሎት እንገናኝ!»

እኔ አልሰደብሁም፣ ጠየቅሁ እንጂ ልል ነበር። ማን ይሰማኛል! ደግሞም ችሎቱ የማን እንደሆነ ትዝ አለኝ። የአጥቢያው ዳኛ አባቴ ናቸው።

አባቴ አቶ ፈንታሁን ጥቂት ተናጋሪ፣ ብዙ አድማጭ ሰው ነበሩ። የዚያን ዕለት ማታ እራት ሲበላ ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። ሲሰሙ ጉርሻቸውን አላቋረጡም።

«እውነቱን ነው የጠየቅሁ፣ አባየ።»

«እውነት ሁሉ በማኅበር አይጠየቅም፣ ልጄ።» እጃቸውን ታጠቡ። «ስንት ስም አለ አልህ?»

«ስድስት።»

«ሁሉንም አነበብኸው?»

«አዎን። የሦስተኛውን ብቻ ነው ያገኘሁ።»

«በል እንግዲህ» አሉና ተነሥተው በሬዎቹን ሊያዩ ወጡ። እናቴ እኔን እያየች ራሷን ነቀነቀች፤ አንድ ነገር ልትናገር ፈልጋ የዋጠችው ይመስል ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዝናቡ ስላላባራ ችሎቱ በዛፉ ሥር መሆኑ ቀርቶ በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ሆነ። አባቴ በመካከል፣ ሁለት ሽማግሌዎች በግራና በቀኝ ተቀመጡ። የአገሩ ሰው ግማሹ ጣራ ሥር፣ ግማሹ ዝናብ ላይ ቆሟል። የስማዳዎቹም እንግዶች ነገሩን ሳይሰሙ ልጅ አናጭም ብለው ሰንብተዋል።

አባቴ መጀመሪያ የተናገሩት፣ «ተከሳሽ ልጄ ነው። ለልጄ አልዳኝም፤ ሌላ ዳኛ ይሰየም» የሚል ነው።

ባላምባራስ ወደ ፊት ወጡ። «የለም! እርስዎ ለልጅዎ እንደማያደሉ አገር ያውቃል። እኔ ከሳሹ ወድጄ ፈቅጃለሁ። ዳኛ ፈንታሁን ይፍረዱኝ!»

ሰው አጨበጨበላቸው። «ጨዋ ማለት እንዲህ ነው!» ተባለ። እኔም ሳላስበው አደነቅኋቸው። ተንኮሉ የገባኝ ኋላ ነው።

ከዚያ ዳኝነታቸውን ጠየቁ። ድንጋይ ተሸክሜ፣ ተንበርክኬ፣ ከደጀ ሰላሙ እስከ እግራቸው ሄጄ ይቅርታ እንድጠይቅ ነው። እሱስ ይሁን፤ ትከሻ አለኝ። ሁለተኛው ግን እንዲህ ነበር፦ «የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት የሚባል በዚህ አገር ኖሮ አያውቅም ብሎ በጊዮርጊስ ስም ይማልልኝ። የጻፈውንም ወረቀት በፊቴ ይቅደድ።»

አንባቢዎቼ፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ባልምል ተሳዳቢ ተብዬ በአገሬ መምህር ልሆን አልችልም፤ ልጁን ማን ይልክልኛል? ብምል ደግሞ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ሐሰት ምዬ፣ የዚያ ቤት ታሪክ ከሦስቱ ግድግዳዎች ጋር አፈር ሊሆን ነው። ወዲያም ገደል፣ ወዲህም ገደል።

«ተከሳሽ» አሉ አባቴ፣ ዐይኔን ሳያዩ። «ማስረጃ አለህ?»

«መሪጌታ አላቸው።»

መሪጌታ ስንክሳሩን በጨርቅ እንደ ተጠቀለለ ይዘው መጡ። ባላምባራስ መጽሐፉን ሲያዩ ትንሽ ደንገጥ አሉ፤ ግን ወዲያው ራሳቸውን ሰበሰቡ። መሪጌታ ያነቡ ጀመር።

«ገብረ ሕይወት ዘላይ ቤት።»

«ጣልያን ገድሎታል፤ ነፍሱን ይማር» አለ አንድ ሽማግሌ። ቀጥቃጭ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ማንም አላነሣም።

«ኃይለ ሚካኤል ዘጉብታው ሥር።»

«ጎጃም ተሻግሮ ቀርቷል።»

«ወልደ ጊዮርጊስ ዘላይ ቤት።»

«በላይ ቤት ወልደ ጊዮርጊስ እንደ ጎመን ዘር ነው!» አሉ ባላምባራስ። ሰው ሳቀ። እውነትም ብዙ ነው፤ ደብሩ የጊዮርጊስ ነዋ። ማስረጃዬ በአንድ ሳቅ ሲበን አየሁት።

መሪጌታ አራተኛው ላይ ሲደርሱ አነጠሱ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው አነበቡ።

«ኪዳነ ማርያም ዘወንዝ ማዶ።»

ከአባቴ በቀኝ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ «ወንዝ ማዶ ኪዳነ ማርያም የሚባል የሚያውቅ አለ?» ብለው ጠየቁ። ወንዝ ማዶ የእኛ መንደር ነው። እኔም ሰፈሩን ሁሉ በሐሳቤ ዞርሁ፤ አላገኘሁም። ባላምባራስ ግን ሕዝቡን ትተው አባቴን ብቻ ያያሉ፤ ፊታቸው ላይ የተረጋጋ ፈገግታ ነበር።

አባቴ ተነሡ። ከዳኛው ወንበር ወርደው፣ ኩታቸውን እንደ ምስክር አደግድገው፣ ከእኔ ጎን መጥተው ቆሙ።

«ኪዳነ ማርያም እኔ ነኝ» አሉ።

ወይ ጉድ! ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ውሻ እያባረረኝ ስፈልገው የነበረው ሰው ከእኔ ጋር ከአንድ መሶብ ይበላ ነበር!

«አሥራ አምስት ዓመት በዚህ ደጃፍ ዳኝቻለሁ» አሉ አባቴ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው ሁሉ ለመስማት ቀረበ። «ቀጥቃጭ ብሎ ሰደበኝ ያለውን ሁሉ ክሱን ሰምቼ፣ ሰዳቢውን ቀጥቻለሁ። ስቀጣ ሁሉ ሆዴ ያውቀው ነበር። አገረ ገዥው ከአጥቢያው ስድስት ልጅ ሲል ዕጣ ደረሰኝና ሄድሁ። ሦስት ዓመት ከግቢው ሳልወጣ ተማርሁ። ስመለስ እናቴ ለጎረቤት ታምሞ ጠበል ሰንብቶ መጣ አለች። እኔም እንደዚያው ታምሜ ኖርሁ። ልጄን በሐሰት አላስምለውም። ትምህርት ቤቱ ነበር።»

አሁን ተንኮሉ ገባኝ። ባላምባራስ አባቴን ዳኛ ያደረጉት፣ አባቴ ባላምባራስን ለማጋለጥ መጀመሪያ የገዛ ራሳቸውን ማጋለጥ ስላለባቸው ነው። የአባቴን አፍ የዘጉ መስሏቸው ነበር። አሁን ፈገግታቸው ጠፍቶ ጺማቸውን ይጎትታሉ።

ከስማዳ የመጡት ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲያ ባላምባራስም...»

«የለም!» አሉ አባቴ። «ባላምባራስን አትንኩ። እሳቸው አልተማርሁም ብለዋል፤ እኔም ቃላቸውን አላፈርስም። ብረት የሚያውቅ ሰው በሥራው ይለያል። ያውና» አሉ፣ ወደ ደወሉ እየጠቆሙ። «ያ ትልቅ ደወል የተንጠለጠለበት ብረት ይታያችኋል? ስንት ክረምት አልፎበት ንቅንቅ ያላለው? ያንን በመቀጥቀጫው መስፍ ላይ አጋድሜ፣ ብቻዬን ቀጥቅጬ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

የባላምባራስ አንገት ሥር ተገተረ።

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን። ማን ሊረዳኝ?»

«ብቻዬን ይላል እንዴ!» ባላምባራስ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ወረወሩት። «ኧረ ስለ ጊዮርጊስ! አንተ ከእሳቱ ዳር ወናፍ ነፊ አልነበርህም ወይ! መዶሻውን የያዝሁ እኔ! ጉጠቱን የያዝሁ እኔ! መምህሩ ራሱ እጄን ስሞ እንደ አያሌው ያለ እጅ አላየሁም አላለም? አንተማ ማረሻህ ሦስት ትልም ሳይሄድ ይጣመም ነበር!»

እዚያ ላይ ቆሙ። የተናገሩት ነገር ለራሳቸው ጆሮ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ኩታቸውን ወደ አፋቸው አነሡ፤ ግን ምን ዋጋ አለው። እኔ ደግሞ በሌላ ነገር ፈዝዤ ነበር፦ በሕይወቴ አባቴን «አንተ» ያለ ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሠላሳ ዓመት አንቱ ሲባባሉ የኖሩ ሁለት ሽማግሌዎች በአንዴ አብሮ አደግ ሆኑ።

መጀመሪያ የሳቁት መሪጌታ ናቸው፤ ስንክሳሩን ደረታቸው ላይ ይዘው። ከዚያ ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ ዝናብ ላይ የቆመው ሁሉ። አባቴ አልሳቁም፤ ግን ጢማቸው ሥር አንድ ነገር ሲነቃነቅ አየሁ። አውቀው ነበር የነካኩት። የደወሉን ብረት ማን እንደ ሠራው ከማንም የበለጠ ያውቃሉ።

ሳቁ ሲበርድ ሁሉም ወደ ስማዳዎቹ ዞረ። ከሦስቱ አንዱ ፊቱን አጥቁሮ፣ «እኔ በዚህ ነገር የለሁበትም» ብሎ በቅሎውን ሊጭን ወጣ። ትልቁ ሽማግሌ ግን ባላምባራስን ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው።

«ዳኛችሁም ቀጥቃጭ፣ አርበኛችሁም ቀጥቃጭ ከሆነ፣ ጨዋ ፍለጋ የት ልንሄድ ነው?» አሉ። «እኔ ከወገዳ እዚህ እስክደርስ ልጓሜ ሁለት ጊዜ ተሰብሮብኛል። ባላምባራስ፣ ዝምድናው ይጥናና እስከ ጥር ልጓሙን ይሥሩልኝ።»

ባላምባራስ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። «ሦስት ትውልድ የማይሰበር አድርጌ እሠራልዎታለሁ» አሉ።

ፍርዱን ከአባቴ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሁለቱ ሽማግሌዎች ሰጡ፤ ዳኛው ምስክር ሆነዋልና። ከስድቡ ነፃ አወጡኝ። ነገር ግን ሰውን በገዛ ማኅበሩ ስላሳፈርሁ ለሚመጣው ጊዮርጊስ አንድ ጋን ጠላ ከቤታችን እንዲወጣ ፈረዱ። እናቴ ስትሰማ፣ «ጥያቄው የእሱ፣ ጠላው የእኔ!» ብላ ጮኸች። ኋላም ለብቻችን ስንሆን፣ ነገሩን በሠርጓ ሳምንት አውቃ እንደ ነበር ነገረችኝ። አባቴ የተሰነጠቀ ማጭዷን ማንም በሌለበት አድሰው ከቦታው መልሰውላት ኖሯል። «ዝም አልሁት» አለች። «እሱም ዝም አለኝ። እንዲያ ነው የተጋባን።»

ይህ ገጠመኝ ምን ለወጠብህ ብትሉኝ፣ ትዕቢቴን ቀንሶታል። ታሪክ የማወጣ እኔ መስሎኝ ነበር፤ ታሪኩን ያወጡት ግን የሠላሳ ዓመት ክብራቸውን ለእኔ አንዲት መሐላ ብለው ያወለቁ አባቴ ናቸው። ያን ዕለት አባቴን ወደድኋቸው። ፊትም እወዳቸው ነበር፤ ግን ፊት የምወደው ዳኛውን ነበር፣ ሰውዬውን አላውቀውም ነበር። እናንተም በቤታችሁ የማይወራ ሥራ፣ የማይጠራ ስም ካለ ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቁ። ሐፍረት የመሰላችሁ ነገር አንዳንዴ ሰው በሆዱ ሲመካበት የኖረ ሙያ ነው፤ ትንሽ ነካ ሲያደርጉት ወጥቶ ይጮኻል።

በዓመቱ ተመድቤ በአገሬ መምህር ሆንሁ። የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ሲጀመር ማስተማሩን አላውቅበትምና አባቴን እንዲመጡልኝ ለመንሁ። ነጭ ኩታቸውን ለብሰው መጡ። አርባ ተማሪ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው። በወንበሩ ፊት ቆመው፣ ሰው በችሎት ቃሉን እንደሚሰጥ ጥርት አድርገው፣ «ስሜ ፈንታሁን ነው። ቀጥቃጭ ነኝ» አሉ።

ከኋላ፣ ሳይጠሩ መጥተው ከልጆቹ ጋር አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ባላምባራስ አያሌው እጃቸውን አወጡ።

«መምህር» አሉኝ፣ «ወናፍ ነፊ እንደ ነበረ አብረህ ጻፍልኝ።»